የመጋዘን መወጣጫና የፎርክሊፍት ሆድ
ስለ ጅማ መርካቶና በዙሪያው ስላሉት የቡና ከተሞች መጋዘኖች አሠራር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)




የመጋዘን መወጣጫ በሕንፃ ንድፍ ውስጥ እጅግ አነስተኛ ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ነው። በብዙ ንድፎች ላይ የሚታየው በሁለት መስመርና በአንድ ቀስት ተመልክቶ፣ ከጎኑም የተዳፋቱ መጠን በመቶኛ ተጽፎ ብቻ ነው። ጣሪያው፣ ምሰሶውና ግድግዳው በጥንቃቄ ተሰልተው ካለቁ በኋላ መወጣጫው ለግንበኛው ልማድ ይተዋል። ይሁን እንጂ ሕንፃው ተጠናቆ፣ ማሽኑም ተገዝቶ ሥራ በሚጀመርበት ዕለት መጋዘኑ በታሰበው መንገድ ማገልገሉንና አለማገልገሉን የሚወስነው ይኸው የተረሳ ክፍል ሊሆን ይችላል። ፎርክሊፍቱ በደጃፉ ጫፍ ላይ በሆዱ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ የተገዛበት ገንዘብ ከንቱ ይሆናል፤ ጭነቱም ተመልሶ በሰው ትከሻ ላይ ይወጣል።

የዚህ ንግግር ዓላማ አንድ ነው። ይኸውም የመወጣጫ ንድፍ መነሻ የተዳፋቱ መጠን ብቻ ሳይሆን፣ በማሽኑ ሆድና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት መሆን እንደሚገባው ማስረዳት ነው። ጉዳዩ በየትኛውም መጋዘን ላይ የሚሠራ ቢሆንም፣ ምሳሌው የተወሰደው ከጅማ መርካቶና በዙሪያው ካሉት የቡና ከተሞች ሁኔታ ነው። ጠባብ የገበያ ቦታ፣ ብዙ ዝናብ፣ ዋልካ አፈርና ከባድ ጆንያ በአንድነት የሚገኙበት አካባቢ በመሆኑ፣ ነገሩን ለመመርመር የተመቸ ነው።

1. ደጃፍና ተሸካሚ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪ.ሜ. ያህል ርቃ ትገኛለች። ከተማዋ የዛሬውን መልኳን ከመያዟ አስቀድሞ በስፍራው ስሙ የገነነው የሂርማታ ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚውለው የሂርማታ ገበያ የሲራራ ነጋዴዎችን ከሩቅም ከቅርብም ይሰበስብ ነበር። ቡናውም፣ ዝባዱም፣ የዝሆን ጥርሱም የሚጓዘው በበቅሎና በአጋሰስ ጀርባ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ጭነት ከፍ ያለ ወለል አያስፈልግም። አጋሰሱ እስከ ደጃፍ ይቀርባል፤ ጭነቱ ተፈትቶ በሰው ክንድ ይገባል።

መርካቶ የሚለው ስም በጣልያንኛ ገበያ ማለት ሲሆን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የወረራ ዘመን የተረፈ ነው። ሂርማታና መርካቶ የሚሉት ሁለት ስሞች ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ጎን ለጎን ሲጠሩ ኖረዋል። ከዚያ ዘመን ጋር የመጣው ሌላው ነገር የጭነት መኪና ነው። የጭነት መኪና አልጋ ከመሬት አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ለዚህ ሥራ የሚመቸው መጋዘን ወለሉ ከአልጋው ጋር የተስተካከለ ነው። በመጋዘኑና በመኪናው መካከል ሳንቃ ይዘረጋል፤ ጫኝና አውራጁ ጆንያውን ተሸክሞ በሳንቃው ላይ ይመላለሳል። ከፍታው ለሌላም ነገር ይጠቅማል፤ የክረምቱን ጎርፍና ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ከቡናው ያርቃል።

እንግዲህ የመጋዘን ደጃፍ በየዘመኑ የሚሠራው በዘመኑ ተሸካሚ ልክ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። በቅሎ አንድ ዓይነት ደጃፍ፣ የጭነት መኪና ሌላ ዓይነት ደጃፍ ጠይቋል። ፎርክሊፍትም የራሱን ይጠይቃል። ለጭነት መኪናና ለሳንቃ ታስቦ በተሠራ ደጃፍ ፊት የኮንክሪት ተዳፋት ማፍሰስ ብቻውን መጋዘኑን ለፎርክሊፍት የተዘጋጀ አያደርገውም።

2. የጆንያው ክብደት

ማሽኑ ለምን አስፈለገ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በሚዛኑ ላይ ይገኛል። በቡና ንግድ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አምስት ፈረሱላ የያዘ ጆንያ 85 ኪሎ ይመዝናል። ለውጭ ገበያ የሚዘጋጀው ጆንያ ደግሞ 60 ኪሎ ይይዛል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ከፍተኛው የሸክም ክብደት ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ በእጅ እንዲሸከም የሚፈቀደው ክብደት ከ55 ኪሎ በላይ በሆነበት ሁሉ፣ በተቻለ ፍጥነት ወደዚያ መጠን ዝቅ እንዲደረግ መክሯል። ስለዚህ የውጭ ገበያው ጆንያ ከዚህ ወሰን በ5 ኪሎ፣ የአምስት ፈረሱላው ጆንያ ደግሞ በ30 ኪሎ ይበልጣል።

100 ኩንታል የሚጭን አንድ መኪና በ60 ኪሎ ጆንያ ቢሰላ ከ166 ያላነሰ ጆንያ ይይዛል። ይህ ሁሉ ከመጋዘን ወጥቶ መኪና ላይ ሲደረደር አንድ በአንድ በሰው ጀርባና ትከሻ ያልፋል። አሥራ ስድስት ጆንያ በአንድ ፓሌት ላይ ቢደረደር ግን ክብደቱ 960 ኪሎ ይሆናል፤ አንድ ፎርክሊፍትም በአንድ ጉዞ ያነሣዋል። ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ ሳይሆን የሰው ጤና ጭምር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ቡና ግን ማንኛውንም ማሽን የሚቀበል ሸቀጥ አይደለም። የአካባቢውን ሽታ በቀላሉ ስለሚስብ፣ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ የናፍጣ ጢስ የሚያወጣ ሞተር ማስነሣት የቡናውን ጣዕም ለጉዳት ያጋልጣል። በዚህም ምክንያት ለቡና መጋዘን የሚመረጠው በባትሪ የሚሠራው ፎርክሊፍት ነው። እዚህ ላይ ነው የንድፍ ባለሙያው ሊጠነቀቅ የሚገባው። ለተስተካከለ ወለል የተሠሩት የባትሪ ፎርክሊፍቶች በአብዛኛው ጎማቸው ትንሽ፣ ሆዳቸውም ወደ መሬት የቀረበ ነው። ለቡናው የሚስማማው ማሽን ለመወጣጫው ይበልጥ አስቸጋሪው ነው ማለት ነው።

3. ችግሩ ከተዳፋቱ ይልቅ በእጥፋቱ ላይ ነው

አንድ ማሽን በአንድ ወጥ ተዳፋት ላይ ሳለ፣ ተዳፋቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ሆዱ ከመሬቱ ያለው ርቀት በደልዳላ ወለል ላይ ከነበረው አይለወጥም። ርቀቱ የሚለወጠው ተዳፋቱ በሚጀምርበትና በሚያልቅበት ቦታ፣ ማለትም በታችኛውና በላይኛው እጥፋት ላይ ነው። በላይኛው እጥፋት ላይ የፊት ጎማዎቹ ደልዳላውን ወለል ይዘው፣ የኋላ ጎማዎቹ ገና ተዳፋቱ ላይ ሲሆኑ፣ የእጥፋቱ ጫፍ ከታች ወደ ማሽኑ ሆድ ይጠጋል። ክፍተቱ ካልበቃ ሆዱ ኮንክሪቱ ላይ ይቀመጣል፤ የሚነዱት ጎማዎችም ክብደት ስለሚያጡ መሬቱን ቆንጥጠው ማሽኑን ማንቀሳቀስ አይችሉም።

በላይኛው እጥፋት ላይ የሚጠፋውን ክፍተት ለመገመት ቀላል ስሌት አለ። በፊትና በኋላ ጎማዎች ማዕከል መካከል ያለው ርቀት በተዳፋቱ መጠን ተባዝቶ ለአራት ይካፈላል። ለምሳሌ የጎማዎቹ ርቀት 1.60 ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው የሆድ ክፍተት ደግሞ 10 ሴ.ሜ. የሆነ ማሽን ይወሰድ። በ10 በመቶ ተዳፋት ጫፍ ላይ የሚጠፋው ክፍተት 4 ሴ.ሜ.፣ በ15 በመቶ 6 ሴ.ሜ.፣ በ20 በመቶ 8 ሴ.ሜ. ይሆናል።

አሥር ሴንቲ ሜትር ስላለ 15 በመቶውም፣ 20 በመቶውም ያሳልፋል የሚል ሰው ቢኖር፣ ወረቀትና ሥራ ምን ያህል እንደሚለያዩ ማስታወስ ይገባዋል። በማሽኑ መግለጫ ላይ የተጻፈው ክፍተት የአዲስ ማሽን ነው። ጎማ ይበላል፤ ጭነት ሲያርፍበትም ይረግባል። ለዚህ 3 ሴ.ሜ. ይያዝ። ኮንክሪት በትክክል በንድፉ ልክ አይፈስስም፤ ጭቃና ጠጠርም ይጠራቀምበታል። ለዚህም 2 ሴ.ሜ. ይያዝ። ከአሥሩ አምስቱ ሲቀነስ ለእጥፋቱ የሚተርፈው 5 ሴ.ሜ. ብቻ ነው። እንግዲህ 10 በመቶው መወጣጫ በአንድ ሴንቲ ሜትር ትርፍ ያሳልፋል፤ 15 በመቶው ግን ማሽኑን በሆዱ ያስቀምጠዋል። በሞተሩ ጉልበት ብቻ ቢታይ ሁለቱንም መወጣት የሚችል ማሽን፣ ደጃፉ ጫፍ ላይ ደርሶ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

የታችኛው እጥፋት ችግር ከዚህ ይለያል። በዚያ የሚነካው የማሽኑ ሆድ ሳይሆን ከፊት ጎማዎች ቀድሞ የሚወጣው ክፍል ነው። የሹካዎቹ ጫፍ ከፊት ጎማው ማዕከል 1.50 ሜትር ያህል ይቀድማል ቢባል፣ ጎማው ከ10 በመቶው ተዳፋት ሥር ሲደርስ በሹካዎቹ ጫፍ ሥር ያለው መሬት 15 ሴ.ሜ. ከፍ ብሏል። ጭነቱን 15 ሴ.ሜ. ብቻ አንሥቶ የመጣ ነጂ የፓሌቱን ጠርዝ ከኮንክሪቱ ጋር ያጋጨዋል፤ ወይም ከመግባቱ በፊት ጭነቱን ይበልጥ ከፍ ለማድረግ ይገደዳል። ጭነት ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ የማሽኑ መረጋጋት ይቀንሳል። የሹካዎቹ መጋለቢያ ምሰሶ የታችኛው ጫፍና ከኋላ ያለው ሚዛን መጠበቂያ ክብደትም በዚሁ እጥፋት ላይ ወደ መሬት ስለሚቀርቡ፣ መለካት ይኖርባቸዋል።

4. የግማሽ ተዳፋት መፍትሔ

መፍትሔው ውድ አይደለም። በመወጣጫው ራስና ግርጌ ላይ፣ የዋናው ተዳፋት ግማሽ የሆነ ተዳፋት ያለው ቁራጭ ይገባል። የቁራጩ ርዝመት ከጎማዎቹ ርቀት መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ ሁለቱን እጥፋቶች በአንድ ጊዜ ስለሚረግጥ ጥቅሙ ይቀራል። ለተጠቀሰው ማሽን 2 ሜትር በቂ ነው። አንዱ የ10 በመቶ እጥፋት ሁለት የ5 በመቶ እጥፋቶች ሲሆን፣ በእያንዳንዱ የሚጠፋው ክፍተት ከ4 ወደ 2 ሴ.ሜ. ይወርዳል፤ ትርፉም ከአንድ ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያድጋል።

ይህ በርዝመት ምን ያህል ያስወጣል? ወለሉ ከግቢው 1.20 ሜትር ከፍ ያለ መጋዘን ቢወሰድ፣ ያለ ግማሽ ተዳፋት በ10 በመቶ 12 ሜትር መወጣጫ ያስፈልገዋል። በአዲሱ አሠራር በግርጌ 2 ሜትር፣ በራስ 2 ሜትር በ5 በመቶ ሲሠራ ከከፍታው 20 ሴ.ሜ. ይሸፈናል፤ ቀሪው 1 ሜትር በ10 በመቶ 10 ሜትር ይወስዳል። ድምሩ 14 ሜትር ነው። እንግዲህ የሁለት ሜትር ኮንክሪት ጭማሪ የማሽኑን ሆድ ያድናል፤ በላይኛው እጥፋት ላይ ማሽኑ በድንገት ወደ ፊት ሲዘምም ጆንያ እንዳይንሸራተትም ይከላከላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው በቡና ጭነት ላይ ቃል በቃል ሲፈጸም ከማየት፣ አስቀድሞ ሁለት ሜትር መጨመር ይሻላል።

ሥራውን ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ርዝመቱ ከጎማዎቹ ርቀት ጋር እኩል የሆነ ቀጥ ያለ ሳንቃ ተወስዶ፣ በሁለቱ ጫፎቹ ሥር የ5 ሴ.ሜ. እግር ይመታበታል። አምስቱ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተሠላው ስሌት የተረፈው ክፍተት ነው። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ቅርጹ ላይ፣ ከደረቀም በኋላ በመወጣጫው ላይ ከግርጌ እስከ ራስ እየተንቀሳቀሰ ይታያል። የሳንቃው ሆድ የትም ቦታ ላይ መሬት ከነካ፣ የማሽኑም ሆድ አንድ ቀን ይነካል። ይህን መለኪያ ማንኛውም አናጢ በአጭር ጊዜ ሊሠራው ይችላል።

5. ቦታው ሲጠብ

ዐሥራ አራት ሜትር በግቢ ውስጥ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በገበያ መካከል ባለ ቦታ ግን ብዙ ነው። ከደጃፉ እስከ መንገዱ ያለው ርቀት 5 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ 1.20 ሜትር ከፍታ ወደ 24 በመቶ ተዳፋት ያመራል። ይህን መወጣጫ ማንኛውም የባትሪ ፎርክሊፍት ጭነት ይዞ እንዲወጣው ማሰብ አይገባም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚከተሉት አማራጮች ሊመረመሩ ይችላሉ።

ሀ/ መወጣጫውን ወደ መንገዱ ቀጥታ ከማውረድ ይልቅ ከመጋዘኑ ግድግዳ ጎን ለጎን ማስኬድ። በዚህ ጊዜ በራሱ ላይ ማሽኑ የሚዞርበት ደልዳላ መድረክ ያስፈልጋል፤ ፎርክሊፍት በተዳፋት ላይ መዞር የለበትምና።

ለ/ የወለሉን ከፍታ መቀነስ። ወለሉ ከመኪና አልጋ ጋር እኩል እንዲሆን ያስገደደው የሰው ሸክም ነበር። ማሽኑ ግን ራሱ ጭነት አንሺ ስለሆነ፣ ከግቢው መሬት ላይ ሆኖ ወደ መኪናው ማንሣት ይችላል፤ ስፖንዳው ወርዶ ከጎን ይጫናል። ስለዚህ ለአዲስ መጋዘን የወለል ከፍታ በጎርፍና በእርጥበት ልክ ብቻ ሊወሰን ይችላል። ከፍታው 50 ሴ.ሜ. ቢሆን፣ በግማሽ ተዳፋት አሠራር መወጣጫው 7 ሜትር ብቻ ይሆናል። ግቢው ግን ጠንካራ ንጣፍ ሊኖረው ግድ ነው፤ በጭቃ ላይ የባትሪ ፎርክሊፍት አይሠራም።

ሐ/ ማሽኑን ከመጋዘኑ ሳያስወጡ በመጫኛ መድረክ ላይ ማሠራት። በመድረኩና በመኪናው መካከል የሚዘረጋው የብረት ሰሌዳም ቢሆን መወጣጫ መሆኑ አይረሳ። የ15 ሴ.ሜ. ልዩነት በ1.50 ሜትር ሰሌዳ ላይ 10 በመቶ ተዳፋት ነው፤ ስለ እጥፋት የተባለው ሁሉ በእርሱም ላይ ይሠራል።

መ/ በነባር መጋዘን ላይ ተንቀሳቃሽ የብረት መወጣጫ መጠቀም። የተዳፋቱና የሆድ ክፍተቱ ስሌት እዚህም ያው ነው።

በእጅ የሚጎተት የፓሌት ጋሪ እንደ አምስተኛ አማራጭ ሊታሰብ አይገባም። በደልዳላ ወለል ላይ ጥሩ አገልጋይ ነው፤ ነገር ግን 1,000 ኪሎ ጭኖ በ10 በመቶ ተዳፋት ላይ ሲቆም ወደ ታች የሚስበው ኃይል 100 ኪሎ ያህል ነው። ይህን ገፍቶ ማውጣት ሰውን ከሸክም ማዳን ሳይሆን የሸክሙን ዓይነት መለወጥ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ቢያመልጥ ደግሞ ከፊቱ ያለውን ሰው የሚያተርፈው ነገር የለም።

6. ዝናቡና አፈሩ

ጅማ በዓመት 1,500 ሚ.ሜ. ያህል ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ በበልግ ጀምሮ ክረምቱን አልፎ ይዘልቃል። የቡናው ለቀማ በአመዛኙ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆንም፣ ክምችቱና ጭነቱ ወደ ዝናቡ ወራት ይሻገራል። ስለዚህ መወጣጫው ጣሪያ ቢለብስ ይመረጣል። ጣሪያው ቢያንስ የላይኛውን መድረክና የላይኛውን እጥፋት መሸፈን አለበት፤ እርጥብ ጎማ ይዞት የሚገባው ውሃ ለደረቀ ቡና ጠላት ነውና።

መወጣጫው ምንጊዜም ከመጋዘኑ ወደ ውጭ ሊያዘቀዝቅ ይገባል። በግርጌው የውሃ ቦይ ይቆፈራል፤ ቦዩ የሚከደንበት የብረት ፍርግርግ ከንጣፉ ጋር እኩል መሆን አለበት። ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ፍርግርግ ለሌላ ችግር የተያዘውን ትርፍ ሁሉ ይበላል።

በጅማ ከተማ ብዙ ቦታዎች የሚገኘው ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። የመጋዘኑ ወለልና ግድግዳ በጠንካራ መሠረት ላይ ሲያርፉ፣ መወጣጫው ግን በተደለደለ ሙሌት ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ሁለቱ በየወቅቱ እኩል አይንቀሳቀሱም። በመጋጠሚያቸው ላይ ደረጃ ይፈጠራል። ይህ ደረጃ የሚፈጠረው ደግሞ የሆድ ክፍተቱ እጅግ በሚጠብበት በላይኛው እጥፋት አጠገብ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በደኅና ይሠራ የነበረ መወጣጫ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ማሽኑን የሚይዝበት ምክንያት ሲፈለግ፣ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ይህ መጋጠሚያ ነው። መከላከያው ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በተመረጠ ሙሌት መተካት፣ ሙሌቱን በስሱ እያነጠፉ መጠቅጠቅና መወጣጫውን ከወለሉ ጋር በብረት ማያያዝ ነው።

ጥንካሬውም በግምት ሊተው አይገባም። ሁለት ቶን ተኩል የሚያነሣ ፎርክሊፍት ጭነቱን ይዞ ሲቆም አጠቃላይ ክብደቱ ከ6 ቶን ይበልጣል፤ የዚህም አብዛኛው ክፍል በሁለቱ የፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። እያንዳንዱ የፊት ጎማ በጠባብ ቦታ ላይ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ ሊጫን ይችላል ማለት ነው። ለእግረኛና ለጋሪ የተሠራ ስስ ኮንክሪት ይህን አይችልም። የመወጣጫው ፊት ከጉዞው አቅጣጫ ጋር አግድም በመጥረጊያ እየተጫረ ሻካራ ይደረጋል፤ በሁለቱም ጎን ጎማ የሚያቆም ጠርዝ ይሠራለታል።

7. በመወጣጫው ላይ ያለው ሰው

በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ መሠረት፣ ጭነት የያዘ ፎርክሊፍት ከ10 በመቶ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይ ሲወጣም ሆነ ሲወርድ ጭነቱ ወደ ላይኛው አቅጣጫ መዞር አለበት። ሲወጣ ወደ ፊት ይነዳል፤ ሲወርድ ወደ ኋላ ይነዳል። ይህ ልማድ ከ10 በመቶ በታችም ቢሆን መያዝ የሚገባው ነው። ለንድፍ ባለሙያው ትርጉም አለው፤ ወደ ኋላ የሚወርድ ነጂ የሚያየው ጥቂት ስለሆነ፣ በመወጣጫው ግርጌ እግረኛ የሚያቋርጥበት መንገድ ሊኖር አይገባም። ለሰው የተለየ መተላለፊያ፣ ከማሽኑ መንገድ በጠርዝ ወይም በአጥር ተለይቶ ይሠራ።

ከዚህ ጋር አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ጫኝና አውራጁ የሚከፈለው ባነሣው ጆንያ ልክ ነው። ማሽኑ 960 ኪሎ በአንድ ጊዜ ሲያነሣ የአሥራ ስድስት ጆንያ ክፍያ ከእርሱ ይወሰዳል። የማይሠራ መወጣጫ ሸክሙን በትከሻው ላይ ይተዋል፤ የሚሠራ መወጣጫ ደግሞ ሸክሙን ከነእንጀራው ሊወስድበት ይችላል። ይህን ጥያቄ የንድፍ ወረቀት ብቻውን አይፈታውም። ሆኖም የመጋዘኑ ባለቤት፣ የጫኝና አውራጅ ማኅበሩና የንድፍ ባለሙያው ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአንድነት ቢቀመጡ፣ ነጂነቱን፣ የፓሌት ድርደራውንና የምልክት ሰጪነቱን ሥራ ማን እንደሚይዝ አስቀድሞ መወሰን ይቻላል። ቡናውን ለዓመታት ያነሣና የደረደረ ሰው ጆንያ እንዴት እንደሚንሸራተት ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለፎርክሊፍት ነጂነት ሥልጠናም ከእርሱ የተሻለ ዕጩ አይገኝም። ያ ስብሰባ ለንድፉም ይጠቅማል፤ የትኛው ደጃፍ በዝናብ ጊዜ ውሃ እንደሚያቁር፣ መኪና በየት በኩል እንደሚጠጋ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

8. መደምደሚያ

በ2001 ዓ.ም. የቡና ግብይት በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መካሄድ ሲጀምር፣ ጅማ፣ ቦንጋና በደሌ የቡና መረከቢያ መጋዘን ካላቸው ከተሞች መካከል ሆኑ። የግብይቱ ሥርዓት ከዚያ ወዲህ ሲሻሻል ቆይቷል። ሥርዓቱ የቱንም ያህል ቢለዋወጥ፣ ከአጋሮና ከሊሙ፣ ከጌራና ከማና የሚመጣው ቡና በአንድ ደጃፍ መግባቱ፣ በአንድ ደጃፍም መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የመወጣጫ ንድፍ ሲዘጋጅ ከተዳፋቱ መቶኛ ጎን ቢያንስ እነዚህ ስድስት ቁጥሮች እንዲጻፉ ያስፈልጋል፡- የማሽኑ የጎማዎች ርቀት፤ በጎማዎቹ መካከል ያለው የሆድ ክፍተት፤ ከፊትና ከኋላ ጎማዎች አልፎ የሚወጣው ክፍል ርዝመትና ከመሬት ያለው ከፍታ፤ ለጎማ መበላትና ለአሠራር ጉድለት የተያዘው ትርፍ፤ የግማሽ ተዳፋቶቹ ርዝመት፤ በአንድ ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት።

ማሽኑ ገና ካልተመረጠ፣ ቁጥሮቹ የተገላቢጦሽ ይሠራሉ። መወጣጫው የሚያሳልፈው ዝቅተኛ የሆድ ክፍተትና ከፍተኛው የጎማ ርቀት በንድፉ ላይ ይጻፋል፤ በመወጣጫው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይም በቀለም ይጻፋል። ገዢው ወደ ሻጩ ሲሄድ ይህን ይዞ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት፣ ባለሙያው በሌለበትና ንድፉ በጠፋበት ዘመን እንኳ፣ ግድግዳው ራሱ ይናገራል።